የሰቀሉትን ዑድ ማውረድ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ዑድ፣ ሆዱ ክብ ስለሆነው የዓረብ ባለ ክር መሣሪያ፣ የሚደርሱን ደብዳቤዎች ይመሳሰላሉ። በወጣትነት ተጀመረ፤ ሥራ ወይም ትዳር ወይም ስደት መጣና ቆመ፤ ከዓመታት በኋላ ልብ ተመለሰ። ጠያቂዎቹ ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ያደርጉታል፤ «ተሰጥኦ የለኝም»፣ «ጣቴ ደርቋል» ይላሉ። ዝርዝሩ ሲነበብ ግን ብዙ ጊዜ የደከመው ጣት ሳይሆን ዕቃው ነው። ክሩ ከአንገቱ በጣም የራቀ፣ መቃኛው የሚንሸራተት ዑድ ትዕግሥተኛውንም ያስመርራል። ስለዚህ የዛሬው መልሳችን ከጣት በፊት ስለ እንጨትና ስለ ክር ያወራል።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ሳለሁ ዑድ እጫወት ነበር። ሁለት ጊዜ ትቼው ሁለት ጊዜ ተመልሼበታለሁ። አሁን ጡረታ ወጥቼ ከቁም ሣጥን ላይ አወረድኩት፤ 15 ዓመት ሳይነካ ቆይቷል። ሦስት ክሮች ተበጥሰዋል፣ የቀሩትም ላልተዋል። የዑድ ክር እዚህ እንደ ልብ አይገኝም። የጊታር ክር አስሬ ዛሬውኑ ብቃኘው ምን ይለዋል? — አንባቢ፣ አዲስ አበባ

መልስ፦ ዛሬ አይቃኙት። የተለመደው ዑድ 11 ክር አለው፤ አምስት ጥንድና አንድ ነጠላ ወፍራም። እያንዳንዱ ክር ሲቃኝ ወደ 3 ኪሎ ገደማ ይስባል። ሲደመር ከ30 ኪሎ ያልፋል፤ የኩንታል ሲሶ ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሚሸከመው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የፊት ሳንቃና በሙጫ ብቻ የተለጠፈ በርኩማ (የክሮቹ የታች ጫፍ የሚታሰርበት እንጨት) ነው። ለ15 ዓመት የደረቀ ሙጫ ይህን ጭነት በአንድ ምሽት ሲቀበል በርኩማው ተነቅሎ ይፈናጠራል። አንዳንዴ የሳንቃውንም ቅርፊት ይዞ ይሄዳል።

መጀመሪያ ቀጭን ወረቀት ይውሰዱና ከበርኩማው ጀርባ፣ ማለትም አንገቱ ባለበት ሳይሆን በተቃራኒው ጠርዝ፣ ሥሩ ለማስገባት ይሞክሩ። ክሮቹ በርኩማውን ወደ አንገት ስለሚስቡት መጀመሪያ የሚነሳው የኋላው ጠርዝ ነው። ወረቀቱ ከገባ ሙጫው ለቋል፤ ክር አይሰሩበት። ቀጥሎ ሳንቃውን በጣትዎ መገጣጠሚያ ከላይ እስከ ታች በቀስታ ያንኳኩ። አንድ ቦታ ላይ የመንጫጫት ድምፅ ከሰሙ ከውስጥ ሳንቃውን በአግድም ከሚደግፉት ቀጫጭን እንጨቶች አንዱ ተላቋል። ከዚያ ክፍሉን አጨልመው የስልክዎን መብራት በትልቁ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ያብሩ። ገበቴው (የዑዱ ሆድ) ከብዙ ቀጫጭን ጣውላዎች ጎን ለጎን ተጣብቆ የተሠራ ስለሆነ፣ የተከፈተ ስፌት ካለ ብርሃኑ በውጭ እንደ ክር ሆኖ ይታያል።

የተገኘው ጥፋት ይህ ከሆነ ለአናጢ ሲሰጡ አንድ ነገር ያስጠንቅቁ፤ ሱፐር ግሉም ኢፖክሲም አይነካው። የድሮ ዑዶች የተጣበቁት ከእንስሳት ቆዳና አጥንት በሚሠራ ሙጫ ነው። ይህ ሙጫ በሙቀትና በእርጥበት ይለሰልሳል፣ ቦታው ተጠርጎ እንደገና ይለጠፋል። ኢፖክሲ የገባበት እንጨት ግን ሌላ ሙጫ አይቀበልም፤ የሚቀጥለው ጠጋኝ እንጨቱን መፋቅ ይኖርበታል።

ዕቃው ጤነኛ ከሆነ ወደ ክሩ እንሂድ። ያረጁትን ሁሉንም ይለውጡ፤ የተበጠሱትን ብቻ ከተኩ የጥንዱ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ይሆንና አብረው አይቃኙም። የዓረብ ዑድ ከማረፊያው (በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ ከሚያርፉበት ባለ ጎድጓዳ ቁራጭ) እስከ በርኩማው 61 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት አለው፤ ቅኝቱም ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ዶ፣ ፋ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ዶ ነው። ለዚህ ርዝመት ቀጭኑ ዶ 0.60 ሚሊ ሜትር ናይለን፣ ሶል ከ0.71 እስከ 0.75 ሚሊ ሜትር ናይለን ይፈልጋል። የቀሩት በናስ ወይም በብር ቀለም ሽቦ የተጠመጠሙ ናቸው።

የጊታር ክር ያሉት ሐሳብ፣ ናይለን እስከ ሆነ ድረስ፣ የሚናቅ አይደለም። የብረት ክር ግን በምንም ምክንያት አይሰሩበት። ችግሩ ብዙዎች የጊታሩን አንደኛ ክር በዑዱ አንደኛ ክር ቦታ ማሰራቸው ነው። ያ ክር 0.71 ሚሊ ሜትር ነው። ወደ ቀጭኑ ዶ ሲወጣ ከ4 ኪሎ ተኩል በላይ ይስባል፤ ጥንድ ሲሆን ከ9 ኪሎ በላይ በአንድ ቦታ ማለት ነው። ትክክለኛው አሰላለፍ እንዲህ ነው። የጊታር አንደኛ ክር ለሶል፣ ሦስተኛው ለሬ፣ አራተኛው ለላ፣ አምስተኛው ለፋ፣ ስድስተኛው ለወፍራሙ ነጠላ ዶ። የጊታር ሁለተኛ ክር ቦታ የለውም፤ ለመጠባበቂያ ያስቀምጡት። ለቀጭኑ ዶ 0.60 የሆነ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ይበቃል። ጥንድ ስለሆነ ሁለት ሙሉ ጥቅል ጊታር ክር ያስፈልግዎታል። ወፍራሞቹ ከሚገባው ጥቂት ይከብዳሉና ጠቅላላውን ቅኝት በአንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ አድርገው ይያዙት። የሬው ድምፅ ትንሽ ይደነዝዛል፤ ትክክለኛ ክር እስኪገኝ ድረስ ግን ዑዱ ይሠራል።

ሲያጠብቁ አይቸኩሉ። በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ከመድረሻው ሁለት ሙሉ ድምፅ በታች ያቁሙ፤ ከዳር አንድ፣ ከመሐል አንድ እያሉ ጭነቱን ያከፋፍሉ። በማግስቱ የወረቀቱን ፈተና ይድገሙ። ምንም ካልተነሳ አንድ ሙሉ ድምፅ ይጨምሩ፤ በሦስተኛው ቀን ይጨርሱ። አዲስ ናይለን ለሳምንት ያህል እየተለጠጠ ስለሚወርድ በየቀኑ መቃኘት ግድ ነው። ይህ የዕቃው ብልሽት አይደለም።

መቃኛው ከተንሸራተተ መጀመሪያ አጠማጠሙን ይመልከቱ። የክሩ የመጨረሻ ዙሮች ወደ መቃኛው እጀታ መጠጋት አለባቸው፤ እንዲህ ሲሆን ክሩ ራሱ መቃኛውን ወደ ቀዳዳው ይስበዋል። አጠማጠሙ ትክክል ሆኖ አሁንም ከሸሸ መቃኛውን አውጥተው የሚነካካበትን ቦታ ጠመኔ ይቀቡት። ተቃራኒው ከሆነ፣ ማለትም ተጣብቆ እየዘለለ የሚዞር ከሆነ፣ ደረቅ ሳሙና ይቀቡት። ሁልጊዜም እያዞሩ ወደ ውስጥ ይግፉ።

በመጨረሻ አንገቱ ከገበቴው በሚገናኝበት ቦታ ከእንጨቱ እስከ ክሩ ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ይለኩ። ከ2.5 እስከ 3.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ደስ ይበልዎ። ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ አንገቱ ወደ ፊት ተስቧል። ይህን ዑድ ከላይኛው አንገት አካባቢ ውጭ ጣት አይገዛውም። ምናልባት ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ የተዉበት ምክንያትም ይኸው ይሆናል። ጥገናው ግን የባለሙያ ነው፤ የቤት ሥራ አይደለም።

ጥያቄ፦ አገር ቤት ክራር እጫወት ነበር። ዱባይ ከመጣሁ በኋላ ዑድ ገዛሁ፤ እጀምረዋለሁ፣ እተወዋለሁ። የዓረቡ ቅኝት ላይ ትዝታ ስጫወት ፋ ክሩ ሁልጊዜ ይረብሸኛል። ዑድ ለእኛ ቅኝት አይሆንም ማለት ነው? — አንባቢ፣ ዱባይ

መልስ፦ በሚገባ ይሆናል። የዑድ አንገት እንደ ጊታር ብረት ስለሌለው የትኛውንም ድምፅ ጆሮዎ በፈለገው ቦታ ያገኙታል። አምስት ድምፅ ባለው ዜማ ዑድ መጫወት ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። የሱዳን ዘፈን በአብዛኛው አምስት ድምፅ ነው፣ ዑድም ዋና አጃቢው ነው። የኑቢያው ሐምዛ ኤል ዲን በዚሁ መሣሪያ የአገሩን ዜማ ለዓለም አሰምቷል። በእኛም አገር ዑድ በሐረርና በድሬዳዋ አካባቢ ሥር ያለው ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ያረፈው ዓሊ ቢራ ከአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ዘመኑ ጀምሮ ስሙ ከዑድ ጋር ይነሳል።

የሚረብሽዎ ፋ መረበሹ ትክክል ነው። የትዝታ ሜጀር ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው፤ ፋ የለም። ሌሎቹ ክፍት (ጣት ሳይነካቸው የሚመቱ) ክሮች በሙሉ ከቅኝቱ ውስጥ ሲሆኑ እሱ ብቻ እንግዳ ነው። ግማሽ ድምፅ አላልተው ሚ ያድርጉት። ወደ ሶል ከፍ ለማድረግ አይሞክሩ፤ አንድ ሙሉ ድምፅ መውጣት የክሩን ጉልበት በሩብ ያህል ይጨምረዋል። ክራር ላይ ለቅኝት ክር ማውጣትና ማውረድ የለመደ እጅ ይህን ይረሳል፤ ዑድ ላይ ማውረዱን እንጂ ማውጣቱን አይልመዱ።

አሁን ጣትዎ የሚያርፍበት ቦታ። በ61 ሴንቲ ሜትር ዑድ ላይ ከማረፊያው ተነስቶ ግማሽ ድምፅ 3.4፣ ሙሉ ድምፅ 6.7፣ ከላ እስከ ዶ ያለው ርቀት 9.7፣ ከዶ እስከ ሚ ያለው 12.6 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ለትዝታ፦ በሬ ክር ላይ 6.7 ላይ ሚን፣ በሶል ክር ላይ 6.7 ላይ ላን፣ በላ ክር ላይ 9.7 ላይ ዶን፣ በቀጭኑ ዶ ላይ 6.7 እና 12.6 ላይ ሬንና ሚን ያገኛሉ። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በአንገቱ ጎን በእርሳስ ትንሽ ነጥብ ማድረግ ነውር የለውም። ፊቱ ላይ ተለጣፊ ወረቀት ግን አይለጥፉ፤ ክሩ ይነካውና ይንጫጫል። ዑድዎ የቱርክ ከሆነ ርዝመቱ 58.5 ገደማ ነውና ሁሉም ርቀት በጥቂት ሚሊ ሜትር ያጥራል። ለማረጋገጥ አንገቱን ይለኩ፤ በደንብ የተሠራ ዑድ አንገቱ የክሩ ርዝመት ሲሶ ነው፣ መጋጠሚያው ላይም ከክፍቱ አምስተኛው ድምፅ ይገኛል። ዶ ክር ላይ እዚያ ሶል ካልሰጠ ወይ ልኬትዎ ወይ ዑዱ ተሳስቷል።

ለትዝታ ማይነር ፋን ወደ ሚ ፍላት (ከሚ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለው)፣ ላን ወደ ላ ፍላት ያውርዱ። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ስለሆነ ፋ ቦታዋ ትመለሳለች፤ ሬና ላ ግማሽ ግማሽ ይወርዳሉ፣ ክፍት ክሮቹም ሁሉ ቅኝት ውስጥ ይገባሉ። አንቺ ሆዬ ላይ ደግሞ ሬና ሶል ይወርዳሉ፣ ላ ይቀራል። ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ለሆነው ባቲ መቃኛ መንካት አያስፈልግም፤ ሬንና ላን ክፍት ሳይመቱ በጣት ብቻ ይዟቸው። ከእነዚህ ሁሉ ዑድ ላይ የሚያምረው አንቺ ሆዬ ነው እንላለን፤ ጠባቦቹ ድምፆች ጣት ሲንሸራተት የሚያወጡት ለዛ ፒያኖ ላይ አይገኝም። ስልክ ላይ ያለ መቃኛ ለክፍት ክሮች ይጠቅማል። ለጣት ግን ሁልጊዜ አይመኑት፤ ክራር ሲቃኝ የለመደ ጆሮ ይበልጣል።

አንድ ብልሃት ይጨመር። ክር ሲያላሉ ከመድረሻው አሳልፈው ያውርዱና ከታች ወደ ላይ ይምጡ። እንዲያ ካላደረጉ በማረፊያው ጎድጓዳ ውስጥ የተያዘው ክር ከደቂቃ በኋላ በራሱ ይፈናጠርና ቅኝቱን ያበላሻል። በጎድጓዳዎቹ ውስጥ የእርሳስ ዱቄት ማሸት ክሩን ያንሸራትተዋል።

ጥያቄ፦ 52 ዓመቴ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት እለማመዳለሁ፤ በማግስቱ ጣቴ ይቆስልና ሳምንቱን አልነካውም። ድምፄ የታፈነ ነው፣ ሪሻውም (መምቻው) ከእጄ ይወጣል። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ቅኝቱ አይቆምም። — አንባቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ

መልስ፦ ሁለቱን ሰዓት ይከፋፍሏቸው። በሳምንት አምስት ቀን 15 ደቂቃ ከቅዳሜው ሁለት ሰዓት በጣም ይሻላል፤ የጣት ጫፍ የሚጠነክረው በትንሽ በትንሹ ሲነካ ነው፣ ሲቆስልማ እንደገና ይጀምራል። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ከ15ቱ ደቂቃ የመጀመሪያዎቹን አምስቱን ለቀኝ እጅ ብቻ ይስጡ፤ ክፍት ክሮችን በሜትሮኖም (በምት ቆጣሪ) በደቂቃ 60 ምት ላይ ወደ ታች ብቻ እየመቱ። አምስቱን ለአንድ ቅኝት፣ አምስቱን ለዘፈን። መደንዘዝ ወይም የእጅ አንጓ ሕመም ከመጣ ግን ይህ የጣት ቁስል አይደለም፤ ያቁሙና ሐኪም ያማክሩ።

የታፈነው ድምፅ ከሦስት ነገር ይመጣል። አንደኛው አሮጌ ክር ነው። ሁለተኛው የግራ ጣት በሥጋው ሲተኛ ነው፤ ዑድ ላይ ብረት ስለሌለ ክሩን የሚቆርጠው የጣቱ ጫፍ ራሱ ነው፣ ስለዚህ ጥፍርዎን አሳጥረው በጫፍ ቀጥ ብለው ይጫኑ። ሦስተኛውን ማንም አያስተውለውም፦ የቀኝ ክንድ ሳንቃው ላይ ተጋድሞ ድምፁን ይገድለዋል። ዑዱን በቀኝ ጭንዎ ላይ ያስቀምጡ፣ ክንድዎ የገበቴውን ጠርዝ ብቻ ወደ ሰውነትዎ ይጫን። ግራ እጅዎን ሲለቁት ዑዱ ካዘነበለ አያያዙ ገና ነው፤ አንገቱን የሚሸከም እጅ ወደ ላይና ወደ ታች መንሸራተት አይችልም።

ሪሻ ጥንት ከንስር ላባ ይቀረጽ ነበር፤ ዛሬ ቀንድ ወይም ፕላስቲክ ነው። ቤትዎ ውስጥ መሥራት ይችላሉ። 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 6 ወይም 7 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 0.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ተጣጣፊ ፕላስቲክ ይበቃል፤ ወፍራም የኬብል ማሰሪያ ጥሩ ነው። ጫፉን አሹለው ሳይሆን አድቦልቡለው በብርጭቆ ወረቀት ይሞርዱት። ሻካራ ጫፍ የክሩን ሽቦ ይበላል። ከእጅዎ የሚወጣው እንደ ጊታር መምቻ በሁለት ጣት ጫፍ ስለሚይዙት ነው። ሪሻው በተጨበጡት ጣቶች ውስጥ አልፎ ጭራው በትንሹ ጣት በኩል ይውጣ፣ አንጓዎ ወደ ውስጥ ይታጠፍ፣ ጫፉ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይታይ። ጉልበቱ የአንጓ ክብደት ነው። ከትልቁ ቀዳዳ በታች ሳንቃው ላይ የተለጠፈችው ቀጭን ሰሌዳ የሪሻው ቦታ ናት።

ቅኝቱ ክረምት ላይ የማይቆመው በማሞቂያው ነው። ዑድ የሚወደው እርጥበት ከ40 እስከ 50 በመቶ ነው፤ የሚሞቅ ቤት ከ30 በታች ሊወርድ ይችላል። እንጨቱ ሲኮማተር መቃኛው በቀዳዳው ውስጥ ይላላል፤ ጠዋት ሁሉም ክር ወርዶ ይገኛል። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ይግዙ። የፕላስቲክ ሳሙና ማስቀመጫ ይብሱ፣ በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ስፖንጅ ያስገቡበትና ከዑዱ ጋር በሣጥኑ ውስጥ ያኑሩት፤ በየሦስት ቀኑ ያርጥቡት። ማሞቂያ በማይበራባቸው ወራት ዑዱን ግድግዳ ላይ ወይም ወንበር አጠገብ ማቆም ይሻላል፤ ከሣጥን ለማውጣት የሚፈጀው ሁለት ደቂቃ ብዙ ልምምድ አስቀርቷል።

ጥያቄ፦ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ «ሉት» ተብሎ የተሸጠ፣ እንደ ዑድ ሆዱ የተቦረቦረ መሣሪያ ገዛሁ። ስድስት ነጠላ ክርና በአንገቱ ላይ ብረት አለው። እንደ ዑድ ልቃኘው? — አንባቢ፣ ፍራንክፈርት

መልስ፦ አይቃኙት፤ ዑድም ሉትም አይደለም። እውነተኛው የአውሮፓ ሉት ስሙንም ቅርጹንም ከዓረቡ «አል-ዑድ» የወረሰ ሲሆን፣ ክሮቹ ከአንደኛው በቀር ጥንድ ጥንድ ናቸው። አንገቱ ላይ ያለውም ብረት ሳይሆን የታሰረ የአንጀት ክር ነው፤ የሚመታውም በጣት ነው። የገዙት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመን ውስጥ የቫንደርፎግል የወጣቶች እንቅስቃሴ ሲስፋፋ ለዘፈን አጃቢ በብዛት የተሠራው የሉት መልክ ያለው ጊታር ነው። እንደ ጊታር ይቃኛል። ቀላል ጉልበት ያለው ናይለን ብቻ ይሰሩበት፣ ለመጀመሪያው ወር አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ አድርገው ይያዙት፣ ከክሩም በፊት ከላይ ያልነውን የወረቀትና የመብራት ፈተና ያድርጉ። ትዝታም ባቲም በደንብ ይወጣበታል።

ጥያቄ፦ ዑድ በአውሮፕላን እንዴት ይሄዳል? — አንባቢ፣ ጅዳ

መልስ፦ ጠንካራ ሣጥን ይፈልጋል። ክሮቹን ሁለት ሙሉ ድምፅ ብቻ ያላሉ፤ ፈጽሞ አይፍቱ፤ ሲፈቱ አንገቱ ወደ ኋላ ይመለስና ሲደርሱ እንደ አዲስ ቀናት ይፈጃል። የሚሰበረው ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ የታጠፈው የመቃኛው ራስ ነው፤ ሥሩ ባዶ ቦታ እንዳይኖር በልብስ ይሙሉት። በክሮቹና በሳንቃው መካከል የታጠፈ ስስ ጨርቅ ያስገቡ። የመኪና ሻንጣ ውስጥ ግን፣ በተለይ በባሕረ ሰላጤው ፀሐይ፣ ለግማሽ ሰዓትም አይተዉት፤ ያ የቆዳ ሙጫ በሙቀት ይለሰልሳል ያልነውን ያስታውሱ።